ከመዝገቡ የሰረዝኩት ስም

ኦቦ ከድር መንገድ ላይ ባገኙኝ ቁጥር ቆመው እጄን በሁለት እጃቸው ይይዙና የእናቴን ጤና ይጠይቁኛል። ሰው ቢያየን አባትና ልጅ ነን ይላል። እኚህን ሰው እያወቅኩ፣ አፌን ዘግቼ፣ ሰው ፊት እንዳዋረድኳቸው ከየት ያውቃል? እሳቸው ይቅር ካሉኝ ቆይተዋል። እኔ ግን እስከ ዛሬ እጄን ሲለቁልኝ ቀለል ይለኛል። ያኔ የሆነውን ሁሉ ዛሬ ከስር መሠረቱ ልንገራችሁ።

ያኔ ሃያ ስድስት ዓመቴ ነበር። ደብረ ብርሃን ተወልጄ አድጌ፣ የኮምፒውተር ትምህርቴን ጨርሼ፣ አሰላ ውስጥ የእንስሳት መድኃኒትና ክትባት በሚያከፋፍል ድርጅት በኔትወርክ ባለሙያነት ተቀጠርኩ። ድርጅቱ በቆጂ፣ ኦጎልቾና ዴራ ላይ ቅርንጫፎች ነበሩት። ከእኔ በፊት የነበረው ባለሙያ ድንገት ጥሎ ስለሄደ ሥራውን ያስረከበኝ ሰው አልነበረም። ያም ሆኖ በአምስት ወር ውስጥ ስም አተረፍኩ። “ሂሩት ከነካችው ይነሳል” ይሉኝ ጀመር። ሥራ አስኪያጃችን አቶ ተሾመ የሙከራ ጊዜዬ ሊያልቅ ሁለት ሳምንት ሲቀረው፣ “የቋሚነት ደብዳቤሽን በደስታ ነው የምፈርመው” ብለውኝ ነበር። ይህን ስሰማ እኔ ያልገባኝ ነገር ቢሮው ውስጥ የሌለ መሰለኝ።

ሥራዬን ለማያውቅ አንባቢ ትንሽ ላስረዳ። ኮምፒውተሮች የሚገናኙት በቁጥር አድራሻ ነው። ሰው ደግሞ ቁጥር ስለሚረሳ ለየመሣሪያው ስም ያወጣል። ስሙን ከቁጥሩ ጋር የሚያያይዝ መዝገብ አለ፤ ዲ ኤን ኤስ እንለዋለን። አንዱ መሣሪያ ሌላውን ሲፈልግ መጀመሪያ መዝገቡን “እገሌ የት ነው?” ብሎ ይጠይቃል። ስሙ ከመዝገቡ ከተሰረዘ፣ ተፈላጊው እዚያው ጎን ተቀምጦ እንኳ አይገኝም። የሠራተኛው ሁሉ መግቢያ ስምና የይለፍ ቃልም የሚቀመጠው መዝገቡ ባለበት በዚያው ሰርቨር፣ ማለትም በዋናው ኮምፒውተር ላይ ነበር።

ሰርቨሩ አርጅቶ ስለነበር በመጋቢት ወር አንድ ዓርብ ከሰዓት በኋላ አዲስ ተከልኩና ሁሉን ነገር ወደ እሱ አዛወርኩ። ሥራው አማረልኝ። ጊዜ ሲተርፈኝ የስም መዝገቡን ላጽዳ ብዬ ተነሳሁ። የተጣሉ ኮምፒውተሮች፣ የሌሉ ፕሪንተሮች፣ ከዓመታት በፊት የለቀቁ ሰዎች ስም ታጭቆበት ነበር። እያንዳንዱን እየጠራሁ፣ መልስ ያልሰጠኝን እየሰረዝኩ ሄድኩ።

በዚህ መካከል ኦቦ ከድር የቁልፍ ዘለላቸውን ይዘው በሩ ላይ ቆሙ። የክትባት መጋዘኑ ኃላፊ ናቸው። ድርጅቱ ሲቋቋም ከተቀጠሩት የቀሩት እሳቸው ብቻ ነበሩ፤ ጡረታ ለመውጣትም ትንሽ ነው የቀራቸው።

“ኢንተላ ኮ፣ ዛሬም አልወጣሽም?” አሉኝ። ልጄ ማለታቸው ነው፤ ከተቀጠርኩ ጀምሮ በስሜ ጠርተውኝ አያውቁም።

“የድሮ ስሞች እየጠረግኩ ነው፣ ኦቦ ከድር።”

“የድሮውን እኔን ጠይቂኛ! ሁሉም ሲተከል ነበርኩ። ሽቦውን የያዝኩላቸው እኔ ነኝ።”

ስክሪኑን ዞር አድርጌ ባሳያቸው ኖሮ ይህን ታሪክ አልጽፍም ነበር። እኔ ግን ፈገግ ብዬ፣ “ይሄ የኮምፒውተር ነገር ነው፣ እርስዎን አያደክምዎትም” አልኳቸው። እንዴት እንዳልኩት አሁንም ድምፄ ይሰማኛል። ሕፃን እንደሚያባብል ሰው ነበር ያልኩት።

“እሺ በይ። ነገ ዴራ ለቅሶ አለብኝ። ሰኞ እንገናኝ” ብለው ሄዱ።

እሳቸው ከሄዱ በኋላ ካገኘኋቸው ስሞች አንዱ በእንግሊዝኛ ፊደል የተጻፈ “ደመቂ” የሚል ነበር። ሞከርኩት፤ አልመለሰልኝም። ያ ጥሎ የሄደው ልጅ ለፍቅረኛው ያወጣው ስም ነው ብዬ ለብቻዬ ሳቅሁ። ሰረዝኩት። ቦርሳዬን ይዤ ወጣሁ።

ሰኞ ጠዋት ስገባ ሰው መጋዘኑ በር ላይ ተሰብስቧል። ኦቦ ከድር አንድ ካርቶን ክትባት ደረታቸው ላይ አቅፈው ቆመዋል። ቅዳሜ መብራት ጠፍቶ ሲመለስ የማቀዝቀዣው ክፍል ብሬከር ወድቆ ኖሮ፣ ክፍሉ እስከ ሰኞ ጠዋት ያለ ቅዝቃዜ ከርሟል። መጋቢት ላይ የአሰላም ፀሐይ ቀላል አይደለም፤ ጣሪያው ደግሞ ቆርቆሮ ነው። የእንስሳት ሐኪሟ ብልቃጦቹን አንድ በአንድ አየችና ራሷን ነቀነቀች።

“የአባ ጎርባ በሽታው ክትባት በሙሉ አልቆለታል። ይሄን ለከብት አልሰጥም” አለች።

በማግስቱ ማክሰኞ ኦጎልቾ ላይ ገበሬው ከብቱን ለክትባት ይዞ እንዲወጣ ተነግሮት ነበር።

“ማስጠንቀቂያው አልደረስዎትም?” ሲሉ ጠየቁ አቶ ተሾመ። ክፍሉ ሲሞቅ ግድግዳው ላይ ያለው፣ በሌላ የመብራት መስመር የሚሠራ መሣሪያ ለኦቦ ከድር ስልክ መልእክት ይልካል።

“ወላሂ ምንም አልደረሰኝም።”

አዘንኩላቸው። እውነቴን ነው፤ በዚያች ሰዓት ነገሩ ከእኔ ጋር የሚገናኝ አልመሰለኝም። ደግሞም ስልኬ ይጮህ ነበር፤ በቆጂ ቅርንጫፍ ማንም ኮምፒውተሩን መክፈት አልቻለም። “የይለፍ ቃሌን አስገባለሁ፣ አላውቅህም ይለኛል” ይላል ደዋዩ። ዴራም እንደዚያው።

ወደ ክፍሌ ሮጥኩ። ችግሩን ለማግኘት አንድ ሰዓት ፈጀብኝ። የቅርንጫፎቹ ኮምፒውተሮች አሁንም ስም የሚጠይቁት እኔ ዓርብ ያጠፋሁትን አሮጌውን ሰርቨር ነበር። ሰርቨሩን ካላገኙ ደግሞ የሠራተኛው ስም ከየት ይመጣል? በቆጂንና ዴራን በስልክ እየመራሁ አስተካከልኩ። ኦጎልቾ መስመሩ እየተቆራረጠ ስላስቸገረኝ በማግስቱ ራሴ ልሄድ ወሰንኩ።

ዓርብ ስወጣ አዲሱ ሰርቨር የሚጠየቀውን ጥያቄ ሁሉ እንዲመዘግብ አድርጌው ነበር። ሌላ የቀረ ኮምፒውተር እንዳለ ልይ ብዬ ምዝገባውን ከፈትኩ። አንድ ስም ገጹን ሞልቶታል።

ደመቂ። አይታወቅም። ደመቂ። አይታወቅም። ደመቂ። አይታወቅም።

ከቅዳሜ ዘጠኝ ሰዓት ጀምሮ፣ በየደቂቃው፣ እሑድን ሙሉ፣ እስከ ሰኞ ጠዋት። ጠያቂው የማቀዝቀዣው ክፍል መሣሪያ ነው። ጥያቄው የቆመው ኦቦ ከድር ብሬከሩን መልሰው ካበሩት በኋላ፣ ክፍሉ ሲቀዘቅዝ ነው።

ወጥቼ ጸሐፊያችንን ጫልቱን ጠየቅኳት።

“ጫልቱ፣ ደመቂ ምን ማለት ነው?”

“በኦሮምኛ? ንቃ፣ ከእንቅልፍህ ተነሳ ማለት ነው። ምነው?”

“ምንም።”

ተመልሼ የሰርቨሩን መደርደሪያ ከኋላ ፈተሽኩ። አቧራ የለበሰች፣ ሲም ካርድ ያላት ትንሽ ሳጥን አገኘሁ። የማስጠንቀቂያውን መልእክት ወደ ስልክ የምትልከው እሷ ናት። ስሞክራት ያልመለሰችልኝ ለሙከራ መልስ እንዳትሰጥ ሆና ስለተዘጋጀች ነው። ቢሮው ውስጥ ማንንም ብጠይቅ የስሟን ትርጉም ይነግረኝ ነበር። ኦቦ ከድር ደግሞ ራሳቸው ጠይቂኝ ብለውኝ ነበር።

አሁን የሠራሁትን ስሙ። ወደ ኋላ ዞር ብዬ በሩን አየሁ። ማንም የለም። ስሙን መዝገቡ ላይ መልሼ ጻፍኩት። ግማሽ ደቂቃ አልፈጀም። ከዚያ ወንበሬ ላይ ተደግፌ በረጅሙ ተነፈስኩ። ተስተካክሏል፤ ከእንግዲህ ማንም አይጎዳም፤ ኦቦ ከድርም ትንሽ ተወቅሰው ይታለፋሉ አልኩ። ለራሴ የነገርኩት ይህን ነው።

ከምሳ በኋላ ስምንት ሰዓት ላይ አቶ ተሾመ መጋዘኑ ጠሩን። ሰባት ስምንት ሰው ነበርን። ማስጠንቀቂያው ይሠራ እንደሆነ እንፈትሽ አሉ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ።

“ሂሩት፣ ኔትወርኩ ሰላም ነው?”

“ሰላም ነው” አልኩ።

ውሸት አልነበረም፤ በዚያች ደቂቃ ሰላም ነበር። በሕይወቴ ከተናገርኩት ሁሉ የሚያሳፍረኝ ያ ቃል ነው።

የመሣሪያውን የሙቀት መለኪያ ሙቅ ውኃ ያለበት ብርጭቆ ውስጥ ከተቱት። ኦቦ ከድር ስልካቸውን መዳፋቸው ላይ አስቀምጠው ያዩታል። ስልኩ ዝም ይላል ብለው ተስፋ እንዳደረጉ ፊታቸው ላይ ይታይ ነበር። ዝም ካለ ነፃ ናቸው።

ስልኩ ጮኸ።

ሁሉም ቀና ብሎ አያቸው። እኔ ማየት አቃተኝ፤ አንገቴን ደፋሁ። የወለሉን ሲሚንቶ ስንጥቅ እያየሁ ድምፃቸውን ብቻ ሰማሁ።

“ግን እኮ … ግን ቅዳሜ የመጣ የለም። ይኸው ተመልከቱት።”

“ሳያስቡት ነክተው መልእክቱን አጥፍተውት ይሆናል፣ ኦቦ ከድር” አሉ አቶ ተሾመ፤ ቁጣ የለባቸውም፣ ግን ቀዝቅዘዋል። “ለቅሶ ቤት ነበርኩ ብለዋል አይደል? ጫጫታም ነበር።”

ከዚያ ኦቦ ከድር ቀስ ብለው፣ “ሳልሰማ ቀርቼ ይሆናል” አሉ። “ያ ረቢ። ሳልሰማ ቀርቼ ይሆናል።” የቁልፉን ዘለላ ከቀበቷቸው ፈተው ጠረጴዛው ላይ አኖሩት። ከሥራ የታገዱበት ደብዳቤ ያንኑ ዕለት ተጻፈ።

ወዲያው ተነስቼ አለመናገሬን ዛሬ ሳስበው፣ ምላሴን የያዘው ፍርሃት ብቻ አልነበረም። ጠዋቱን ብናገር ይቅር ይባል ነበር። ከሰዓት በኋላ ግን ተደብቄ ስሙን መመለሴንም መናገር ሊኖርብኝ ነው። ጥፋቴ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ሁለት ሆኖ ነበር። በየሰዓቱም እያደገ ሄደ።

ማክሰኞ ጠዋት በድርጅቱ መኪና ወደ ኦጎልቾ ወረድኩ። ቅርንጫፉ ስደርስ ከአጥሩ ውጪ ያለው ሜዳ በከብት ተሞልቷል። ክትባቱ መቅረቱ ያልተነገራቸው ገበሬዎች ገና ሳይነጋ ከየቀበሌው ነድተው መጥተዋል። አሁን መመለሻቸው ነው። ኮምፒውተሮቹን ለማስተካከል ሃያ ደቂቃ በቂዬ ነበር። ስወጣ አንዲት ጠና ያሉ ሴትዮ አንድ ላምና አንድ ጥጃ ይዘው ጥላ ስር ቆመዋል።

“ከአሰላ ነሽ?” አሉኝ በተሰባበረ አማርኛ።

“አዎ፣ እናቴ።”

“ከድር ደህና ነው?”

ምን ልበል? “ደህና ናቸው” አልኩ።

“ከድር ተኛ፣ መድኃኒቱ ተበላሸ አሉ። እኔ ውሸት ነው አልኩ። ወንዝ ሞልቶ መኪና ቢያቅተው በበቅሎ ክትባት ያመጣልን ሰው ነው። እንዴት ይተኛል? ከዚያ ልጄ ደወለለት።” ሴትዮዋ የላሟን ገመድ እጃቸው ላይ ጠመጠሙ። “ራሱ ነገረን። ‘ስልኩ ጮኾ ሳልሰማ ቀረሁ፣ አፉ በሉኝ’ አለ። አለቀሰ። እኛም አፉ አልን። አርጅቷል፤ ምን እናድርግ?”

ላሟ ጥጃዋን ትልሳለች። እኔ መኪናው ድረስ እንዴት እንደሄድኩ አላስታውስም። ሰውየው የእኔን ጥፋት ተቀብለው፣ አምነው፣ ለደወለላቸው ሰው ሁሉ ይቅርታ ይለምኑበት ነበር። ሹፌሩን “በቀጥታ አሰላ” አልኩት።

አቶ ተሾመ ቢሮ ገብቼ በሩን ዘጋሁና ምዝገባውን አትሜ ያመጣሁትን ወረቀት ፊታቸው አስቀመጥኩ። ሁሉንም ነገርኳቸው። መሰረዜን፣ መመለሴን፣ “ሰላም ነው” ማለቴን። ወረቀቱን ለረጅም ጊዜ አዩት።

“ይሄን ሌላ ሰው ያውቃል?”

“አያውቅም።”

“ሂሩት፣ ስሚኝ። ደብዳቤው ወጥቷል። ሰውየው ራሳቸው አምነዋል። ጡረታቸውን አላስነካባቸውም፤ በክብር እሸኛቸዋለሁ። አንቺን ብናጣ ግን ኔትወርኩን የሚይዝልን የለም። ቀስ ብለን ብናስበውስ?”

ክፉ ሰው ሆነው አይደለም። እኔ ለራሴ ስነግረው የነበረውን ነው መልሰው የነገሩኝ። ከሌላ ሰው አፍ ስሰማው ግን አስጠላኝ።

“ነገ ጠዋት ሠራተኛው ፊት እናገራለሁ” አልኳቸው። “ባይፈቅዱልኝም እናገራለሁ።”

ትክ ብለው አዩኝ። ከዚያ ወረቀቱን ወደ እኔ ገፉት። “እንግዲያው እኔም አብሬሽ እቆማለሁ” አሉ።

ረቡዕ ጠዋት ተናገርኩ። ያን ስብሰባ አላስረዝመውም። ጫልቱ አፏን በእጇ ያዘች። የእንስሳት ሐኪሟ ተነስታ ምንም ሳትለኝ ወጣች፤ ለብዙ ወራትም አላናገረችኝም። አልፈርድባትም።

ከስብሰባው በቀጥታ ወደ ኦቦ ከድር ቤት ሄድኩ። ባለቤታቸው ወይዘሮ ፋጡማ በሩን ከፈቱልኝና ሳዩኝ ፊታቸው በራ። “ግቢ፣ ግቢ ልጄ! አንቺ ነሽ እንዴ!” አሉ። ለምን እንደዚያ እንደተቀበሉኝ አልገባኝም። ኦቦ ከድር ጋቢ ደርበው ተቀምጠዋል። በሦስት ቀን ውስጥ ሰውነታቸው ያነሰ መሰለኝ። አልተቀመጥኩም። ቆሜ፣ ከዓርብ ጀምሬ እስከ ሰኞው ፍተሻ ድረስ ያደረግኩትን ሁሉ ነገርኳቸው። አላቋረጡኝም።

ስጨርስ የጠየቁኝ የመጀመሪያ ጥያቄ ይህ ነበር።

“እና ጆሮዬ ደህና ነው ማለት ነው?”

“ደህና ነው፣ ኦቦ ከድር። ስልክዎ አልጮኸም። ቅዳሜም እሑድም አንድም ጊዜ አልጮኸም።”

ወይዘሮ ፋጡማ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ማልቀስ ጀመሩ። ሁለት ቀን ሙሉ፣ ሰውየው ይሰሙ እንደሆነ ለመፈተን፣ እሳቸው ጓዳ ሆነው ቀስ ባለ ድምፅ “ከድር” እያሉ ሲጣሩ፣ ኦቦ ከድር ሳሎን ሆነው “ሰማሁ” ሲሉ ነበር የሰነበቱት። ባለቤታቸው ድምፃቸውን ዝቅ ሲያደርጉ እሳቸው ይሰማሉ፤ ደግሞም ዝቅ ሲያደርጉ ይሰማሉ። “ታዲያ ስልኩን እንዴት አልሰማሁም?” እያሉ ራሳቸውን ሲበሉ ከርመዋል። ከጆሯቸው አልፈው አእምሯቸውን መጠርጠር ጀምረው ነበር።

ተንበርክኬ እግራቸውን ልይዝ ስል ክንዴን ይዘው አነሱኝ።

“ተነሺ፣ ኢንተላ ኮ። አፉ ብዬሻለሁ። መናገርሽ ራሱ ቀላል አይደለም።” ጋቢያቸውን ሰበሰቡ። “ወደዚያ መጋዘን ግን አልመለስም። ያን ቀን ስልኩ ሲጮህ እነዚያ ሁሉ ሰዎች እንዴት እንዳዩኝ አየሁ። ብዙ ዓመት አብረን የሠራን ሰዎች ነን። አንድም ‘ቆይ፣ ከድር አይዋሽም’ ያለ የለም። አንቺ ብቻ አንገትሽን ደፋሽ። ማታውን ለፋጡማ ነገርኳት፤ ‘ያቺ የደብረ ብርሃን ልጅ ብቻ አዘነችልኝ፣ አይታ አላሳፈረችኝም’ አልኳት። እሷም ስትመርቅሽ አመሸች።”

ለምን በሩ ላይ እንደዚያ እንደተቀበሉኝ ያኔ ገባኝ። ቤት ሙሉ ሰው ቢሰድበኝ እንደዚያ አይሰብረኝም ነበር።

አቶ ተሾመ እገዳውን በደብዳቤ ሻሩ፤ ራሳቸው ኦቦ ከድር ቤት ሄደው ይቅርታ ጠየቁ። ኦቦ ከድር ግን እንዳሉት አልተመለሱም። አንዴ ብቻ ኦጎልቾ ድረስ አብረን ሄደን፣ አዲሱ ክትባት በተሰጠበት ዕለት፣ ገበሬው ፊት ጥፋቱ የማን እንደሆነ ነገርኩ። እኔም የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጠኝ፤ የሙከራ ጊዜዬም ተራዘመ። ከሥራ አልተባረርኩም። አንዳንዴ ብባረር ይሻለኝ ነበር እላለሁ፤ ቅጣቱን ጨርሼ እወጣ ነበር።

ዛሬም የምሠራው ያንኑ ሥራ ነው። አንድ ነገር ስነካ ማን ለምን እንደሚጠቀምበት ጠይቄ ነው፤ ዘበኛም ቢሆን፣ ጽዳት ሠራተኛም ቢሆን። ሲበላሽብኝ ከማስተካከሌ በፊት “እኔ ነኝ” እላለሁ። አዲስ የሚቀጠሩት ይስቁብኛል፤ “አስተካክለሽ ብትናገሪ አይሻልም?” ይላሉ። አይሻልም። አስተካክዬ ልናገር ያልኩ ቀን ምን እንደሆነ አይቻለሁ።

ይህን የምታነቡ ሁሉ ኮምፒውተር ላታውቁ ትችላላችሁ። ነገር ግን ማንም ሳያየው አበላሽቶ፣ ማንም ሳያየው ያስተካከለ ሰው ከመካከላችሁ አይጠፋም። ያን ጊዜ የሚሰማውን እፎይታ አውቀዋለሁ፤ በጣም ይጥማል። እባካችሁ ያ እፎይታ ሲሰማችሁ ወንበራችሁ ላይ አትደገፉ። ተነሱና ውጡ፤ በእናንተ ዝምታ ምክንያት የገዛ ጆሮውን ማመን ያቃተው ሰው ይኖር እንደሆነ እዩ። ስሙን መሰረዝ ስህተት ነበር፤ ስህተት የማንም ነው። እኔን እስከ ዛሬ የሚያሳቅቀኝ ግን መልሼ ስጽፈው ማንም እንዳላየኝ ሳውቅ ደስ መሰኘቴ ነው።